ያልተጠየቀ እሺታ

አቶ ወልደአምላክ ሳህኑን ሲወረውሩት ዕድላዊት ገና ከገበታው አልተነሣችም ነበር። ሳህኑ ከጆሮዋ አንድ ስንዝር እልፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ፈነዳ፤ ወጡም እስከ ወለሉ ወረደ። አንዷ ስባሪ ጉንጯን ጫረቻት። ሽማግሌው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የልብ ሕመምተኛም ናቸው። የዚያን ዕለቱን ክንዳቸውን ያየ ሰው ግን ይህን ቢነግሩት አያምንም።

«ውጪ ከቤቴ!» አሉ። «የልጄን ደም ረግጠሽ ገበታዬ ላይ ትቀመጫለሽ?»

ነገሩ እንዲህ አልነበረም የጀመረው። እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሽማግሌው ከትልቁ ልጃቸው ከወንድሜነህ ጋር በሚኖሩበት አፓርታማ። ወንድሜነህ «አባባ፣ ያልኩዎት ልጅ ይችው» ብሎ ካስተዋወቃት ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ከተዋደዱ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። እሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ኃላፊ ነው፤ እሷ ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ሆስፒታል ትሠራለች። የተገናኙትም እሷ በየጠዋቱ መኪናዋን ያለ ቦታዋ እያቆመች፣ እሱ በየጠዋቱ የማስጠንቀቂያ ወረቀት መስተዋቷ ላይ እየሰካ ነው። በዐሥራ አንደኛው ወረቀት ጀርባ «ከሥራ በኋላ ሻይ ብንጠጣ ዐሥራ ሁለተኛውን እተውልሻለሁ» የሚል ጽሑፍ አገኘች። ወረቀቱን እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ ትይዘዋለች።

አቶ ወልደአምላክ እንግዳይቱን ወደዷት። በእጃቸው አጎረሷት። ከዚያ ማንም አባት የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«የዋለልኝ።»

«ዕድላዊት ዋለልኝ» አሉ ሽማግሌው፤ አንዴ ጮክ ብለው፣ አንዴ ለራሳቸው። ተነሥተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡና አንድ ፖስታ ይዘው ተመለሱ። ዕድላዊት ፖስታውን ስታይ እጇ እሳህኑ ላይ ደርቆ ቀረ። የራሷ ደብዳቤ ነበር፤ ከግርጌው ስሟ ከነአባቷ ተጽፎበታል።

የዕድላዊት ሥራ አንድ የሕክምና ሙከራ ማስተባበር ነው። ክፉኛ የሚደማ ሰው አምቡላንስ ውስጥ እያለ ከሰው ደም የተዘጋጀ ደረቅ ዱቄት ተበጥብጦ በደም ሥሩ ቢገባለት ይሻለዋል ወይስ እንደተለመደው የጨው ውሃ እየተሰጠው ሆስፒታል ቢደርስ? ይህን እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ የሚሞከረውም ለዚሁ ነው። ለማን የትኛው እንደሚደርስ በዕጣ ይወሰናል። ራሱን የሳተ ሰው ሊጠየቅ ስለማይችል ሕጉ ሳይጠየቅ ሙከራው ውስጥ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ለቤተሰቡ ግን ቶሎ ይነገር ይላል። አልፈልግም የሚል በጤናው ቀን ቀይ የጎማ አምባር ክንዱ ላይ ያደርጋል። አምባሩን በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እየዞረች ያደለችውም እሷው ናት።

የወንድሜነህ ታናሽ ወንድም ፍሬዘር የዛሬ ሦስት ዓመት ነዳጅ ሲቀዳ በማያውቀው ሰው ተወጋ። አምባር አልነበረውም። ዕጣው የጨው ውሃ ሆነ፤ ሆስፒታል በደረሰ በሃያ ደቂቃው ሞተ።

«ልጄ ላይ ዕጣ እንደጣላችሁበት የሰማሁት በፖስታ ነው!» አሉ ሽማግሌው። «ያውም ከዐርባው በኋላ!»

ወንድሜነህ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ደብዳቤ መኖሩን ያውቃል፤ አባቱ ቆልፈውበት ስለኖሩ ግን አንብቦት አያውቅም። «ዕድል፣ የኛ ፍሬዘር መሆኑን አላወቅሽም አይደል?»

መዋሸት ትችል ነበር። ዓይኖቹ ዋሺኝ እያሉ ይለምኗታል።

«ከዐሥር ወር በፊት ነው ያወቅሁት» አለች። «ፎቶውን ስልክህ ላይ ሳየው።»

«ዐሥር ወር? ዐሥር ወር ሙሉ እየሳምሽኝ?»

«ደውዬ ነበር» አለች፣ አሁን ወደ አባትየው ዞራ። «በሞተበት ዕለት፣ ከሰዓት። እርስዎ አነሡት። እሱ የደወለ መስሎዎት ‹ፍሬዘርዬ፣ ዳቦውን እንዳትረሳ› አሉኝ። መርዶ እንዳልደረሰዎት ገባኝ። እንዴት ብዬ በስልክ ልንገርዎት? ዘጋሁት።»

እውነቷን ነው። የዚያን ዕለት ወንድሜነህ የአባቱን ልብ ፈርቶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ሊያረዳቸው ቀጠሮ ይዞ ነበር። ማንም አበሻ የሚያደርገው ነው። ዕድላዊትም አበሻ ናትና አፏ ተሳሰረ። በማግስቱ ለቅሶ ላይ ናቸው አለች፤ ከዚያ ዐርባው ይለፍ አለች፤ ሲያልፍም ለመደወል ድፍረት አጥታ ጻፈች። ፈረንጅ ባልደረባዋ ቢሆን የዚያኑ ዕለት ተናግሮ በተገላገለ ነበር። እሷ ግን ይሉኝታዋን ይዛ ሰውየውን በፖስታ ገደለቻቸው።

ሳህኑ የተወረወረው ያኔ ነው። ከሳህኑ ይልቅ የጎዳት ግን ወንድሜነህ ቀጥሎ ያደረገው ነበር። ተነሥቶ ከአባቱ መሳቢያ አንድ ቀይ አምባር አወጣ። አባቱ ሦስት ዓመት ሙሉ አድርገው ሲሉት እየሳቀ ያለፈው አምባር ነው። ዓይኗን እያየ ክንዱ ላይ አጠለቀው።

«እንግዲህ እኔን አትነኪኝም» አላት።

ዕድላዊት ደረጃውን ስትወርድ ጉንጯ እየደማ መሆኑን ያወቀችው የአንገት ልብሷን አይታ ነው። ቁስሉ አላመማትም። ሌላው ሁሉ ግን ያማት ነበር።

ሰኞ አራት ጊዜ ጻፈችለት፤ አልመለሰም። በአምስተኛው «ስምሽን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ» የሚል መልስ ላከላት። ያጠፋ ሰው እንደማይመልስ ልቧ ያውቃል፤ ቢሆንም አለቀሰች።

ማክሰኞ ከአምቡላንስ ጋር የምትወጣበት ቀን ነው። ዱቄቱ ወይም የጨው ውሃው የታሸገበት የሙከራው ሳጥን በትክክል መያዙን ለማየት በሳምንት አንድ ቀን አብራቸው ትዞራለች። ተረኛዋ የአምቡላንስ ባለሙያ ሮሆቦት እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከእናቷ ኩሽና ያገኘች፣ እጇ ፈጣን፣ አፏም የማያርፍ ልጅ ናት። ከቀትር በኋላ ጥሪ መጣ፦ ሰው ተወግቷል። አድራሻው ሲነገር ዕድላዊት የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። ያን ጋራዥ ዓይኗን ጨፍናም ታገኘዋለች።

ጠቡ እንዴት እንደተነሣ በኋላ ከጋራዡ ጥበቃ ሰማች። አንድ ጎረምሳ የመኪናዬን በር ጫርክብኝ ብሎ አንድ አዛውንት ሾፌርን በጎማ መፍቻ አገጫቸው ላይ መታቸው። ወንድሜነህ ሌላ ቀን ቢሆን በሩን ዘግቶ ፖሊስ ይጠራል፤ ሠራተኞቹንም ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው። ማክሰኞ ግን ሁለት ቀን ሙሉ የሚመታው ሰው ሲፈልግ ውሎ ያደረ ሰው ነበር። ዘሎ ገባ። መፍቻውን ነጥቆ የልጁን ፊት በቡጢ አፈራረሰው፤ ከወደቀም በኋላ አልተወውም፤ በጉልበቱ ተጭኖ «ማንን ነው የምትመታው? ማንን?» እያለ መታው። ልጁ ከሥር ሆኖ ቢላ አወጣ። አንዴ ከጎድኑ በታች፣ አንዴ ደግሞ ግራ ጭኑ ላይ ሰካበት፤ ጭኑ ላይ የሰካውን ጠምዝዞ ነው የነቀለው።

እነ ዕድላዊት ሲደርሱ ሁለት ፖሊሶች ልጁን ሲሚንቶው ላይ አጋድመውት ይራገጣል፤ የአንዱን ፖሊስ እጅ ነክሶ ይዟል። አዛውንቱ ጥርሳቸውን መዳፋቸው ላይ ይተፋሉ። ወንድሜነህ ከአንድ ነጭ መኪና ጎማ ሥር ተዘርግቷል። ደሙ በመኪና መውጫው ቁልቁለት እየወረደ ነው፤ ጫማዋ አዳለጣት።

ሮሆቦት በሙሉ ክብደቷ ጭኑ ላይ ተንበርክካ በማሰሪያ ጠፍራ አሰረችው። ወንድሜነህ ጮኸ። እንዲህ ዓይነት ጩኸት ከሰው አፍ ሲወጣ ዕድላዊት ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ ከምትወደው አፍ ግን ሰምታ አታውቅም። አምቡላንስ ውስጥ አስገቡት፣ በሩ ተዘጋ፣ ሳይረኑ ተነሣ። ዕድላዊት መቀሱን ይዛ ሸሚዙን መቅደድ ጀመረች። እጅጌው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሮሆቦት፣ አምባር አድርጓል።»

«ኖ!» ሮሆቦት ቀና አለች። ወንድሜነህን ታውቀዋለች፤ ሦስቱም አብረው ምሳ በልተዋል። «ፕሬሸሩ ስልሳ ነው፣ እየወረደ ነው። ሳጥኑን የምንከፍተው ለዚህ ዓይነት ሰው ነው እኮ፣ ዕድል!»

«አውቃለሁ።»

«መቀሱ እጅሽ ላይ ነው።» ሮሆቦት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አይ ዲድንት ሲ ኤኒቲንግ። ወላሂ አላየሁም። ቁረጪው!»

መቀሱ አምባሩን ነካ። ስስ ጎማ ነው፤ አንዴ ቢጫኑት ይበጠሳል። ሳጥኑ ቢከፈት ዱቄት ይውጣ የጨው ውሃ ይውጣ አታውቅም፤ ዱቄቱ ቢወጣም ያድነው አያድነው አታውቅም። ከእሷ በላይ አለማወቁን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ደመወዝ የሚከፈላት ለዚሁ ነው። ግን አንጀቷ ክፈቺው፣ ክፈቺው ይላታል።

ድንገት ዓይኑን ገለጠ።

«ወንዴ!» ብላ ጮኸች፣ ፊቷን ፊቱ ላይ ደፍታ። «እኔ ነኝ! ሳጥኑን ልክፈትልህ? እሺ በለኝ! መናገር ባትችል ራስህን ነቅንቅልኝ፣ በእናትህ!»

አያት። በደንብ አያት፤ ማንነቷን ለየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ።

ያን እሺታ ነው ብላ ልትወስደው ትችል ነበር። ፈለገችም። መቀሱን ወለሉ ላይ ወረወረችውና ሁለት ጡጫዋን ከጎድኑ በታች ባለው ቁስል ላይ ጫነች። ትኩስ ደም በጣቶቿ መሃል እየገፋ ወጣ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሮሆቦት አየር በፊኛ ታስገባለት ጀመር፤ እያለቀሰች፣ በሁለት ቋንቋ እየተሳደበች። «ዩ አር ክሬዚ! ትገይዋለሽ እኮ! በገዛ እጅሽ!»

እንደተለመደው የጨው ውሃ ብቻ እየገባለት ዘጠኝ ደቂቃ ተጓዙ። ሳጥኑ እንደታሸገ ደረሰ። ሐኪሞቹ አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት ዕድላዊት አምቡላንሱ ወለል ላይ ተቀምጣ ቀረች። አምባር የሚባል ነገር ያሰበውን ሰው ረገመች፤ ወንድሜነህን ረገመች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጎማ መቁረጥ ያቃታትን የራሷን እጅ ጠላችው።

አቶ ወልደአምላክ ከአሌክሳንድሪያ ሲደርሱ ልጃቸው ቀዶ ጥገና ከገባ አንድ ሰዓት አልፎታል። ዕድላዊትን መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ እስከ ክርኗ ደም በደም ሆና አገኟት። አንድ ቃል ሳይናገሩ ከዘራቸውን አንሥተው ትከሻዋን መቷት። ሁለተኛውን አንገቷ ሥር አሳረፉት። የሆስፒታሉ ጥበቃ ሮጦ መጣ።

«ተዋቸው» አለችው በእንግሊዝኛ። «አባቴ ናቸው።»

«ይህንንም ገደልሽው?» አሉ ሽማግሌው። «ያን ዱቄትሽን ሰጠሽው?»

«አልሰጠሁትም።»

«ምን?»

«አምባር አድርጎ ነበር። አልሰጠሁትም፣ አባባ።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። ከአፋቸው የወጣውን ራሳቸውም ያመኑት አይመስሉም ነበር። «ልጄ እየሞተ? መድኃኒቱን ይዘሽ ዝም አልሽው? ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ! ቆርጠሽ አትጥይውም ነበር?»

«እምቢ ብሏላ! በጤናው፣ በእርስዎ ፊት፣ ዓይኔን እያየ እምቢ ብሏል! ፍሬዘርን ሳትጠይቁ ነካችሁት ብለው ሳህን ወረወሩብኝ። ታዲያ ይኼኛውንም ሳልጠይቅ ልንካው?» ደም የነካ እጇን ዘረጋችላቸው። «መቀሱ እጄ ላይ ነበር፣ አባባ። እጄ ላይ ነበር እኮ።»

ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። ሁለቱም አላነሡትም።

ያኔ ቀዶ ሐኪሟ ወረቀት ይዛ ወጣች። የጭኑ ደም ሥር ተበጣጥሷል፤ እግሩን ለማትረፍ መታገል ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ እንቁረጠው ወይ ብላ የቅርብ ቤተሰብ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ጊዜ የለም። ሽማግሌው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ፊደሉ ግን ያን ሰዓት አልታይ አላቸው። ወረቀቱን ለዕድላዊት ሰጧት።

«ምን ይላል? ሳትደብቂ ንገሪኝ።»

«ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ እንቁረጥ ይላል። ተቆርጦም ቢሆን ሊሞት ይችላል ይላል።» ዓይኗን ከዓይናቸው አልነቀለችም።

«አንቺ ብትሆኚስ?»

«እኔ እፈርም ነበር። የሚጠየቁት ግን እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ያዙ። «ለፍሬዘር እንዲህ ያለኝ የለም» አሉ። «ማንም ወረቀት ይዞ አልመጣም።»

«አዎ። አልመጣንም።»

«ብትጠይቁኝ እኮ ስጡት ነበር የምላችሁ። እሱም ቢሆን…» እንባቸው ወረቀቱ ላይ ወደቀ። «ለሰው እምቢ ማለት የማያውቅ ልጅ ነበር። እሺ ነበር የሚላችሁ፣ ልጄ። እሺ ነበር የሚላችሁ!»

ፈረሙ። ሐኪሟ ሮጣ ሄደች። ዕድላዊት የሽማግሌውን ራስ ደም የነካው ደረቷ ላይ አሳረፈች፤ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ለቅሶ በአንድ ላይ ፈነዳ። የትኛው የማን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አቶ ወልደአምላክ ከወንድሜነህ ክፍል ወጡ። እግሩ ተቆርጧል፤ ነፍሱ ግን ተርፋለች።

«ጠየቀኝ» አሏት። «ዱቄቱን ሰጥታኝ ነው ወይ የዳንኩት አለኝ። አልሰጠችህም አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።»

ዕድላዊት ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። «ልግባ?» አለች። ቆማ ጠበቀች። ነርሷ ሁለቴ አለፈች፤ እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ግቢ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ሻክሯል። «አምቡላንስ ውስጥ ትዝ ይለኛል። ትጮሂብኝ ነበር።»

«እሺ በለኝ እያልኩህ ነበር።»

«ልል ነበር። አልወጣልኝ አለ።» ወደ እሷ ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ስሞት እያየሽ ዝም በማለትሽ ከጠዋት ጀምሮ ስረግምሽ ቆየሁ። ቆርጠሽው ቢሆንስ ብዬ ደግሞ አሰብኩ። ያኔም እረግምሽ ነበር። ምን ይሻለኛል?»

«እኔም ረግሜሃለሁ» አለች። «ተቻችለናል።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ስፌቱ ያዘውና አቃሰተ። «አባባን እስኪነጋ አትንገሯቸው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዕድል። ስልኩን አንቺ ዘጋሽው እንጂ ዝም ያሰኘኋችሁ እኔ ነኝ። እሑድ ይህን መናገር ነበረብኝ። አባቴን ፈራሁ።»

ዕድላዊት እንባዋን በእጇ ብትጠርገውም አልቆመላትም። ይቅር ብሎኛል ብላ አልደፈረችም፤ ማሰቡም አስፈራት።

«ወንዴ፣ ልቀመጥ ወይስ ልሂድ? እንዳልከኝ አደርጋለሁ።»

ወንድሜነህ በደከመ እጁ አንሶላውን ሰብሰብ አደረገው፤ ከጭኑ በታች፣ ግራ እግሩ ይሆንበት በነበረው በኩል አልጋው ባዶ ነበር።

«እዚህ ጋ ቁጭ በይ» አላት። «አሁን ቦታ አለ።»

ያ ባዶ ቦታ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እጁን ያዘች፤ ልቧ በሐዘንም በደስታም እኩል ሞልቶ ትንፋሽ አሳጣት።